«ኤፓጎሜናል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽልና የእኛ ጳጉሜን

ሰው ከጎረቤቱ ዕቃ ቢዋስ ይመልሳል፤ ቃል ቢዋስ ግን አይመልስም። የተዋሰው ቃል በቤቱ ይቀራል፤ ከልጆቹ ጋራ ያድጋል፤ ዘመን ሲረዝምም እንግዳነቱ ይረሳና እንደ ባለቤት ይቈጠራል። ስለዚህ ተማሪ የሆነ ሰው አዲስ ቃል ሲያገኝ «ትርጕምህ ምንድር ነው?» ብሎ ብቻ ሊያልፈው አይገባም፤ «ከየት መጣህ? ዘመዶችህስ እነማን ናቸው?» ብሎም ሊጠይቀው ይገባል። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል እንዲህ አድርጎ መመርመር ነው። ምርመራው በሩቅ አገር አዙሮ በመጨረሻ ወደ ራሳችን ደጃፍ፥ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ዝናም ይመልሰናል።

የሥነ ፈለክንና የዘመን አቈጣጠርን ታሪክ የሚያስረዱ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አልፎ አልፎ «ኤፓጎሜናል» በሚል ቅጽል ይጠቀማሉ። ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ስለ ሆነ ይህም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም፤ «ቀን» ከሚለው ስም ጋራ ይነገራል። ፍቹም «ከወሮች ቍጥር ውጭ ሆኖ፥ ዓመቱን ለመሙላት የተጨመረ» ማለት ነው። እንግሊዛዊ ገበሬ ወይም ነጋዴ ይህን ቃል በዕለት ኑሮው ሲናገረው አይሰማም። የአገሩ የዘመን አቈጣጠር እንዲህ ያሉ ቀኖች የሉትምና። እነርሱ የዓመቱን ትርፍ ቀኖች በየወሩ በትነው አንዱን ወር 30፥ ሌላውን 31፥ ፌብሩዋሪን ደግሞ 28 ወይም 29 አድርገዋቸዋል። ስለዚህ ቃሉ ለእነርሱ የመጽሐፍ ቃል፥ የሊቃውንት ቃል ነው።

አሁን ቃሉን እንደ አገራችን ቀርከሃ በአንጓ በአንጓው እንቍረጠው። መጨረሻው ላይ ያለው «አል» ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥራው ከስም ቅጽል ማውጣት ነው። እኛ «ፀሐይ» ከሚለው «ፀሐያዊ»፥ «ሰማይ» ከሚለው «ሰማያዊ» እንደምንል ያለ ነው። ይህን ቅጥያ ብናነሣለት የሚቀረው የግሪክ ቃል ነው፤ እርሱም «ኤፓጎሜናይ» ይባላል። ኤፓጎሜናይ ደግሞ «ኤፓጌይን» ከሚል ግሥ ይወጣል። በግሪክኛ «ኤፒ» ማለት «በላይ» ማለት ነው፤ «አጌይን» ማለትም «ማምጣት፥ መምራት» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «በላይ አምጥቶ መጨመር» የሚል ትርጕም ይሰጣሉ። እንግዲህ ኤፓጎሜናይ ማለት «በላይ የመጡት፥ የተጨመሩት ቀኖች» ማለት ነው።

«አጌይን» የተባለው ግሥ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከእኛ አውራጃ ወጥቶ በባሕር ዳር የተማረ ሰው «ፔዳ» የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያውቃል። ግቢው ይህን ስም ያገኘው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ነው። ፔዳጎጂ በግሪክኛ «ሕፃንን መምራት» ማለት ሲሆን፥ በውስጡ ያለው «መምራት» ይኸው «አጌይን» ነው። የመምህራን ማሠልጠኛውና የተጨመሩት ቀኖች በአንድ ሥር የተያያዙ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ግሪኮች ይህን ስም የሰጡት ለራሳቸው ቀኖች አልነበረም፤ ለግብፃውያን ቀኖች ነበር። የጥንት ግብፃውያን ዓመታቸውን በ12 ወሮች፥ እያንዳንዱንም ወር በ30 ቀኖች ይከፍሉት ነበር። ይህ 360 ቀን ይሆናል። የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ ስለሚበልጥ በመጨረሻ 5 ቀን ይጨምሩ ነበር፤ በቋንቋቸውም «በዓመቱ ላይ ያሉት» ይሏቸው ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ግብፅ ሲጽፍ፥ ግብፃውያን በየዓመቱ ከቍጥሩ ውጭ አምስት ቀን እንደሚጨምሩ መስክሯል፤ የተጠቀመበትም ግሥ ይኸው «ኤፓጌይን» ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፕሉታርክ ደግሞ የግብፃውያንን ተረት ጽፎልናል። በተረቱ መሠረት አንዲት አምላክ በማንኛውም ወርና በማንኛውም ዓመት እንዳትወልድ ተረግማ ነበር። ሄርሜስ የተባለው ግን ከጨረቃ ጋራ ገበጣ መሰል ጨዋታ ተጫውቶ አሸነፋትና ከብርሃኗ ጥቂት ጥቂት ወስዶ አምስት አዲስ ቀኖች ሠራ። እነዚህ ቀኖች የማንኛውም ወር ስላልነበሩ እርግማኑ አልደረሰባቸውም፤ አምስት ልጆችም በየተራ ተወለዱባቸው። ተረቱ ተረት ነው፤ ነገር ግን ቀኖቹ ከወሮች ውጭ መሆናቸውን በሚገባ ያስረዳል።

ከግብፅ ወደ ኢትዮጵያ እንሻገር። በጥንት ዘመን ግሪክኛ በቀይ ባሕር ዳርቻ የንግድና የትምህርት ቋንቋ ነበር። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ ያስጽፉ ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛናም በግእዝና በግሪክኛ ጽሑፍ በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪክኛ ነው። ስለዚህ በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ የግሪክ ቃላት ገብተው ቀርተዋል። ከነዚህም አንዱ ጳጉሜን ነው፤ በቀድሞው አጻጻፍ ጳጕሜን። «ኤፓጎሜናይ» ከሚለው መጀመሪያ ያለው «ኤ» ወደቀ፤ መጨረሻውም አጠረ፤ መካከሉ ግን ጸንቶ ቆየ። የፊደሉ መልክ እንኳ ይመሰክራል፤ ጰ የተባለው ፊደላችን ጴጥሮስን፥ ጳውሎስን፥ ጰራቅሊጦስን በመሰሉ ከውጭ በመጡ ቃላት የሚገኝ ነውና። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት 12 ወሮች ስማቸው ከግሪክ የመጣ አይደለም፤ የግሪክ ስም ያለው ከሁሉም በኋላ የመጣው ጭማሪ ብቻ ነው። የግብፅ ቅብጦች ይህንኑ ክፍል በቋንቋቸው «ትንሹ ወር» ብለው ይጠሩታል።

በዚህ ጕዞ ላይ በሰዋስው በኩልም አንድ ነገር ሆኗል። ኤፓጎሜናይ በግሪክኛ «ቀኖች» የሚለውን ስም የሚገልጽ ቃል ነበር። እኛ ዘንድ ግን «ቀኖች» የሚለው ቀረና ገላጩ ራሱ ስም ሆነ። በአማርኛም «ድኻ ሰው መጣ» እንላለን፤ ደግሞ «ሰው» የሚለውን ትተን «ድኻው መጣ» እንላለን። ጳጉሜንም እንዲሁ ከቅጽልነት ወደ ስምነት ተሸጋግሮ የወር ስም ሆኗል። እንግሊዞች ደግሞ ያንኑ የግሪክ ቃል ወስደው በላቲን ጅራት ቅጽል አድርገው አስቀሩት። እንግዲህ ኤፓጎሜናልና ጳጉሜን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንደኛው በመጻሕፍት ቤት፥ ሁለተኛው በገበሬ ቤት አደገ።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ቢባል የመጀመሪያው ጥቅም በራሳችን ብዕር ላይ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው «ጳጉሜ» ብሎ ይጽፋል። ምክንያቱም በአማርኛ «ን» የተሳቢ ምልክት ስለ ሆነ፥ «ቤትን፥ መጽሐፍን» እንደምንለው፥ በጳጉሜን መጨረሻ ያለውም «ን» ተቀጥያ መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ኤፓጎሜናል በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ና» እና በጳጉሜን መጨረሻ ያለው «ን» አንድ ናቸው፤ ከሥሩ የበቀለ እንጂ ኋላ የተለጠፈ አይደለም። ስምዖንን «ስምዖ»፥ ሰሎሞንን «ሰሎሞ» የሚል ሰው እንደሌለ ሁሉ፥ ጳጉሜንንም ከነሙሉ ስሙ ብንጽፈው ይገባል። ይህ ዐረፍተ ነገር ራሱ እንደሚያሳየው ተሳቢ ሲሆን «ጳጉሜንን» ይባላል። በአፍ «ጳጉሜ» የሚለውን ሰው ማረም አያስፈልግም፤ የአነጋገር ልማድ ነውና። ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ግን የቃሉን ሥር ይጠብቅ።

ሁለተኛው ጥቅም ቀኖቹ ለምን እንደ ተጨመሩ መረዳት ነው። መሬት ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞራ ለመጨረስ 365 ቀን፥ 5 ሰዓት፥ 48 ደቂቃና 46 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ጳጉሜን ባይኖርና ዓመታችን 360 ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ከአምስት ቀን የበለጠ ስሕተት ይከማች ነበር። በ12 ዓመት ስሕተቱ 63 ቀን ይሆናል። ያን ጊዜ ሰኔ ተብሎ የሚጠራው ወር ክረምቱን ጥሎ ወደ ሚያዝያ ቦታ ይመጣል። ስሙን አምኖ «ሰኔ ገብቷል» ብሎ ድንቹን ወይም ዳጉሳውን ሊዘራ የወጣ የባንጃና የዳንግላ ገበሬ ምን ይገጥመው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በ35 ዓመት ገደማ ደግሞ አደይ አበባ የሚፈነዳው መጋቢት በሚባል ወር ይሆን ነበር። አምስቱ ቀኖች ይህን ሁሉ ከልክለው ወሮቻችንን ከዝናሙና ከመከሩ ጋራ አስማምተው የያዙ ናቸው።

የፀሐይን ዓመት በዓይኑ ለማየት የሚሻ ተማሪ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። እንጅባራና ዳንግላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ርቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ አንዱ በሚያዝያ 10 አካባቢ፥ ሁለተኛው በነሐሴ 18 አካባቢ ነው። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ የሚያዝያው ግን ይታያል። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ቀጥ ያለ እንጨት አቁሞ፥ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላውን ቢመለከት፥ ጥላው ከእንጨቱ ሥር ገብቶ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ያየዋል። ፀሐይ ወደዚያው ቦታ በዚያው መንገድ እስክትመለስ ድረስ ቀኖቹን ቢቈጥር 360 ሳይሆን 365 ያገኛል። ያ አምስት ጳጉሜን ነው።

ስድስተኛውስ? በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስም 24 ደቂቃ ይሆናል። ሊቃውንቱ ዓመትን 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ይሉታል። 15 ኬክሮስ 6 ሰዓት ነው፤ አራት ጊዜ ሲደመር አንድ ሙሉ ዕለት ይሆናል። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፥ ጳጉሜን 6 ይሆናል። ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረው። የጥንት ግብፃውያን ይህን ስድስተኛ ቀን ባለመጨመራቸው ዓመታቸው በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተት ነበር። ንጉሣቸው ሣልሳዊ በጥሊሞስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር ዐዋጅ ቢያወጣም ሕዝቡ አልተቀበለውም። ስድስተኛዋ ቀን በግብፅ የጸናችው ሮማውያን አገሩን ከያዙ በኋላ ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። ትክክለኛው ትርፍ 5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ከሆነ፥ 6 ሰዓት ሙሉ መቍጠር 11 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ አያስበልጥምን? ያስበልጣል፤ በ128 ዓመት ገደማም አንድ ቀን ይሆናል። አውሮፓውያን ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ1582 አሥር ቀን ዘለሉ፤ ከዚያም ወዲህ በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ጭማሪ ቀኖችን ይተዋሉ። እኛ ግን የቀድሞውን ይዘን ቀጥለናል። የዚህ ልዩነት ምልክት በአገራችን ታላቅ ታሪክ ላይ ይታያል። የዓድዋ ጦርነት የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ቀን ነው። በዓሉን ያዛወረው ሰው የለም፤ አውሮፓውያን በ1900 ጭማሪ ቀናቸውን ስለ ተዉ ነው። እንዲሁም አሁን ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 የሚውለው መስከረም 1፥ እ.ኤ.አ. ከ2100 ጀምሮ ሴፕቴምበር 12 ወይም 13 ይውላል።

ጳጉሜን ብቻውን ከግሪክ አልመጣም፤ ወንድምም አለው። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ በሆነው በባሕረ ሐሳብ «አበቅቴ» የሚባል ቍጥር አለ። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወሮች 354 ቀን ያህል ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ልዩነቱ 11 ይሆናል። ይህን በየዓመቱ የሚተርፍ 11 እየደመሩ 30 ሲሞላ እየገደፉ የሚያገኙት ቍጥር አበቅቴ ይባላል። ለምሳሌ የ2015 ዓ.ም. አበቅቴ 9፥ መጥቅዑም 21 ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። አበቅቴ የመጣው «ኤፓክታይ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ እንግሊዞችም «ኢፓክት» ይሉታል። ይህም ቃል ከዚያው «ኤፓጌይን» ከተባለው ግሥ ይወለዳል። ጳጉሜን ለፀሐይ ዓመት መሙያ የተጨመረ ነው፤ አበቅቴ ጨረቃን ከፀሐይ ለማስታረቅ የተጨመረ ነው። በቅኔ ማሕሌት አጠገብ ተቀምጦ አበቅቴን በጣቱ የሚቈጥር የቆሎ ተማሪና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ኢፓክትን የሚያሰላ ሊቅ በአንድ ቃል ይጠቀማሉ።

ሌሎች ሕዝቦችም እንዲህ ያሉ ቀኖችን ያውቃሉ፤ «ኤፓጎሜናል» የሚለው ቅጽልም ለእነርሱ ይነገራል። በመካከለኛው አሜሪካ የነበሩት ማያዎች 20 ቀን ያላቸው 18 ወሮች ቈጥረው 5 ቀን ይጨምሩ ነበር፤ እነዚያንም ቀኖች ክፉ ገድ ያለባቸው አድርገው ይፈሩአቸው ነበር። ፈረንሳዮችም ከአብዮታቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1793 እንደ እኛው 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮችና በመጨረሻ 5 ወይም 6 ጭማሪ ቀኖች ያሉት አዲስ አቈጣጠር ዐውጀው ነበር፤ ግን ከ1805 መጨረሻ አላለፈም። የማያው አቈጣጠር ለዘመን ታሪክ ተማሪ ቀርቷል፤ የፈረንሳዩም በመዝገብ ቤት ተኝቷል። በኢትዮጵያ ግን ጭማሪዎቹ ቀኖች ዛሬም በሕይወት አሉ።

የዚህ አቈጣጠር ቅለትም ሊመሰገን ይገባዋል። ትርፎቹ ቀኖች በመጨረሻ በአንድነት ስለ ተቀመጡ ሌሎቹ ወሮች ሁሉ እኩል 30 ሆነዋል። ለምሳሌ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። ይህ ቀን በዓመቱ ውስጥ ስንተኛ ነው? ቢባል ከጥር በፊት አራት ወሮች አሉ፤ አራት ጊዜ ሠላሳ 120 ነው፤ 23 ሲጨመር 143 ይሆናል። ወረቀትና እርሳስ አያስፈልግም። በአውሮፓ ወር ይህንኑ ለማግኘት የሞከረ ተማሪ 30ውንና 31ዱን እየለየ ይደክማል።

አንዳንድ ሰው ግን ጳጉሜንን እንደ ትርፍ ነገር ይቈጥረዋል። የወር ደመወዝተኛ የተለየ ደመወዝ ስለማያገኝበት ያማርረዋል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለጐብኚዎች ሲያስተዋውቁ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር፤ ያ ስም ለጳጉሜን ትልቅ ክብር ሰጠው። እርግጥ ነው፥ በጳጉሜን በእንጅባራ የቆመ ሰው ፀሐይዋን ከጭጋጉ በስተጀርባ መፈለግ ይኖርበታል። ሕፃናቱ ግን በጳጉሜን 3፥ በሩፋኤል ዕለት፥ የተባረከ ነው የሚባለውን ዝናም በደስታ ይታጠቡበታል።

እኅቶቼና ወንድሞቼ ተማሪዎች! ብዙዎቻችን በቤታችን አዊኛ እንናገራለን፤ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ እንማራለን። ከባድ የሚመስል የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥመን በባዕድነቱ ብቻ አንፍራው፤ መዝገበ ቃላቱን ከገለጥን በኋላ የሰፈራችንን መሪጌታና የገዛ አያቶቻችንንም እንጠይቅ። የእንግሊዙ ሊቅ በብዙ ጥናት የሚያገኘውን «ኤፓጎሜናል» የሚል ቃል እናቶቻችን ፊደል ሳይቈጥሩ በየዓመቱ ይናገሩታል። እኛ ደግሞ ፊደል የቈጠርን ስለ ሆንን ትርጕሙን ዐውቀን፥ ስሙንም ከነ «ን»ው ጠብቀን ለሚቀጥለው ትውልድ ልናስረክበው ይገባናል። ነሐሴ 30 ሲመሽ ዓመቱ አላለቀም፤ መሬት የቀራት መንገድ አለና አምስቱን ቀን ቈጥረን እንሸኛት።